ያላስጠናት ጥያቄ

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ውስጥ ነው። በጅዳ ከተማ በአንድ የግንባታ ድርጅት መሐንዲስ የሆነው ፈሪድ፣ የመኪናውን ጎማ ሊያስጠግን ወደ ሸረፊያ ሰፈር በወጣበት ረፋድ ያላሰበው ነገር ዐይኑ ገባ። ከአፍጋኑ የተሚስ ዳቦ ጋጋሪ ደጃፍ፣ በጥላው በኩል፣ ሕፃናት ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ሊጥ ይጠፈጥፋል፤ ሌላዋ የምድጃውን አፍ በእርሳስ ትስላለች። እስከ ቅንድቧ ዱቄት የለበሰች አንዲት ልጅ ደግሞ ጋጋሪውን በዐረብኛ አፋጣ ይዛዋለች።

«ሊጡ ለምንድን ነው የሚያብጠው? ውስጡ ማን ገባ?»

ፈሪድ ልጅቷን በድምፅዋ ነው ያወቃት። የገዛ ልጁ ሂባ ነበረች።

ደነገጠ፤ ድንጋጤውም ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። ሂባ ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ግን በእሷ የሚኮራው ኩራት በሸረፊያ ሐበሾች ዘንድ የታወቀ ነበር። ቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር ላይ ያቆማታል። እሷም ሀሁን፣ ኤቢሲዲን፣ አሊፍ ባን ሳትተነፍስ ትወርደዋለች፤ ከዚያ በሦስቱም ቋንቋ እስከ መቶ ትቆጥራለች። እንግዳው ያጨበጭባል፤ አባት ጢሙን ይዳብሳል። ይህችው ልጅ ናት እንግዲህ በትምህርት ሰዓት መንገድ ዳር ሊጥ ስትጠፈጥፍ የተገኘችው።

መምህርቷ ሀያት አጠገባቸው ቆማለች። የደሴ ልጅ ናት። በአገሯ የሕፃናት አስተማሪነት ተምራ፣ ኑሮ ሲገፋት በቤት ሠራተኛ ቪዛ ጅዳ ገባች፤ በኋላም ከከፊሏ፣ ማለትም ቪዛውን ከሰጣት አሠሪዋ ቤት ወጥታ፣ ሐበሾች በወላጅ ኮሚቴ ባቋቋሟት ትንሽ አፀደ ሕፃናት ማስተማር ያዘች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ፈሪድ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም መምህርት» አለ፤ ሰላምታው ከንፈሩ ላይ ደርቋል።

«ወዐለይኩሙ ሰላም ጋሼ ፈሪድ። እንኳን መጡ! ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።»

«ልጆቹ ዛሬ ትምህርት የላቸውም እንዴ?»

«ትምህርት ላይ እኮ ናቸው።»

«እህቴ፣ እኔ ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው። ሊጡማ ቤትም አለ።»

«እውነት ነው፣ ቤትም አለ» አለች ሀያት በትሕትና። «ቤት ግን "ተይ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል" እንላታለን። ጥያቄውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ቁርስ ላይ ተሚስ ስንቆርስ አንዱ "ዳቦ ውስጥ ይኼን ሁሉ ቀዳዳ ማን ሠራው?" አለ። መልሱን ብነግራቸው እዚያው ያልቅ ነበር። "እናንተስ ምን ይመስላችኋል?" አልኳቸው። አንዷ ጋጋሪው በጣቱ ይበሳዋል አለች፤ ሌላው ዳቦው ይተነፍሳል አለ። ማን ልክ እንደሆነ ለማየት እርሾ ያለውንና የሌለውን ሊጥ አቦካን። አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርን፤ በክር ለካን፤ ሳልነው። ዛሬ ደግሞ ባለሙያውን ልንጠይቅ መጣን። በፕሮጀክት መማር የሚባለው ይኼው ነው።»

«ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ጨዋታ ነው።»

«በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያስበው በእጁ ነው ጋሼ። ሲነካ፣ ሲያፈርስ፣ ሲገምት፣ ግምቱ ሲሳሳትበት ነው አእምሮው የሚሰፋው።»

«የእኔ ልጅ አእምሮ ሰፍቷል። በሦስት ቋንቋ እስከ መቶ የምትቆጥር ሌላ ልጅ አለችሽ?»

ሀያት ትንሽ አመነታች። ዝም ብትል ይቀላት ነበር፤ ግን የልጅቷ ነገር ከልብ ያሳስባት ስለነበር እውነቱን ተናገረች።

«ማሻአላህ ትቆጥራለች። ባለፈው ግን "ሂባ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ኩባያ አምጪ፤ ስንት ይበቃናል?" ስላት ከአንድ ጀመረች። መቶ ላይ ደረሰችና አጨብጭቡልኝ ብላ ቆመች። ልጆቹ ውሃ ጠምቷቸው ይጠብቁ ነበር። የቁጥሩን ስም ታውቀዋለች ጋሼ፤ ብዛቱን ግን ገና አላገኘችውም። እንድታገኘው ነው እዚህ ያመጣኋት።»

ይህ ንግግር ፈሪድን እንደ ጋለ ብረት ነካው። ጋጋሪው ያያል፣ አላፊ አግዳሚው ያያል፣ ልጆቹም ቀና ብለው ያያሉ። የተናደደ ሰው ደግሞ መልስ ሲያጣ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ፈሪድም ካገኘው ሁሉ የከበደውን አነሳ።

«አንቺ በኸዳማ ኢቃማ፣ በቤት ሠራተኛ ወረቀት የገባሽ ልጅ፣ ስለ አእምሮ እድገት ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በዚያ ሰሞን ወረቀት የሰው ነፍስ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው የውጭ ሰዎች የሰጠው የምሕረት ጊዜ እያለቀ ስለነበር፣ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው ስሙን እንኳ በመንገድ ላይ ጮክ ብለው ሲጠሩት ይሳቀቅ ነበር። ሀያት ግራ ቀኟን አየች። ከዚያ ዝቅ ብላ የሂባን እጅ በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ለአባቷ አስረከበችው።

«ኻላስ ልጆች፤ ያላ፣ እንግባ» አለች።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ እንኳ በቂ ነውር ነበር። ፈሪድ ግን ኮሚቴውን ሰበሰበ። «ልጄ መቁጠር አትችልም ብላ አዋረደችኝ» ማለት ስለከበደው፣ «የዚህች ልጅ ወረቀት ያስጠይቀናል፤ ትሰናበት» አለ።

ካሳዬ የሚባል የኮሚቴው አባል፣ እርጋታ ያለው ሰው፣ «የሌሎቹ መምህራንስ ወረቀት ከእሷ በምን ይለያል ኢንጂነር?» ሲል ጠየቀ።

«እንግዲህ ከአንዷ እንጀምር» አለ ፈሪድ። ማንም ደፍሮ አልተቃወመውም። ሀያት ተሰናብታ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ወደሚኖሩት አጎቷ ሄደች። አፀደ ሕፃናቷም ሕፃናቱን በየወንበራቸው አስቀምጣ ፊደል ታስጮህ ጀመር። ሂባም ስለ ሊጡ የጀመረችውን ጥያቄ ለማንም ሳታነሳው ቀረች።

ጥቅምት ሲያልቅ የምሕረቱ ጊዜም አለቀ። የጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊስ መኪኖች በየመንገዱ ፈሰሱ። ሸረፊያ ሱቆቿን ዘጋች፤ ትላንት ሰው የሚጋፋበት መንገድ ላይ ድመት ብቻ ቀረ። አፀደ ሕፃናቷ ተዘጋች። ፈሪድም ባለቤቱ ነኢማም ሥራ ስለሚውሉ ሂባ ከጎረቤታቸው ከአዚዛ ጋር መዋል ጀመረች። አዚዛ ኢቃማዋ ካለፈባት ዓመታት የሆናት፣ ልጅ የምትወድ ወሎዬ እናት ነበረች።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ፣ አዚዛ ልጅቷን አስከትላ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ገና መታጠፊያው ላይ እንደደረሱ መኪኖች መንገዱን ከሁለት በኩል ዘጉት። ሰው ተራወጠ፤ ግፊያው የሂባን እጅ ከአዚዛ እጅ ነጠቀው። አዚዛ በሰው ማዕበል ተገፍታ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከገባች በኋላ ስልክ ደወለች። «ነኢማ፣ ልጅቷ ከእጄ ወጣች!» አለች። የአዚዛ ስልክ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ፈሪድ ሥራውን ጥሎ መጣ። በየደረጃው ሥር፣ በየተዘጋው ሱቅ በር «ሂባ! ሂባ!» እያለ ሲዞር ዋለ። ሊመሽ ሲል አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ሽበታም ሱዳናዊ ፋርማሲስት ልጅቷን በእጁ ይዞ ቆሞ አገኘው። ሮጦ አቀፋት።

«ልጅህ ናት? አልሐምዱሊላህ!» አለ ሱዳናዊው። «ከቀትር ጀምሮ እኔ ጋ ናት። ብልህ ልጅ ናት፤ ስትቆጥርልን ነው የዋለችው። ግን አኺ፣ ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና አንድ ነገር ልንገርህ። ስሟን ስጠይቃት ነገረችኝ። ቤታችሁ የት ነው ስላት እስከ መቶ ቆጠረች። ከመስኮታችሁ ምን ይታያል ስላት ፊደል ወረደችልኝ። አባትሽ ምን ይሠራል ስላት እንደገና ከአንድ ጀመረች። ምናልባት ሐኪም ቢያያት?»

ቤታቸው ከዚያ ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነበር፤ ፈሪድ «ሹክራን» ብሎ ልጁን ወደ መኪናው ወሰዳት። መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ድምፁን አለስልሶ ጠየቃት።

«ሂቡዬ፣ ሰውዬው ቤታችን የት እንደሆነ ሲጠይቅሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«ያንን አላስጠናኸኝማ» አለች ሂባ። ከዚያ ፊቱን አይታ ፈራ ተባ እያለች «ተሳሳትኩ?» ብላ ጠየቀችው።

ፈሪድ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪው ላይ ተደፋ። ያች መምህርት ስለ ኩባያዎቹ የነገረችው ትዝ አለው፤ እሱ የመለሰላት ክፉ ቃልም እንዲሁ። ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

ቤት ሲገባ ለነኢማ ሁሉንም ነገራት። እሷ አልጮኸችም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረችው ግን ከጩኸት ይልቅ ቆረጠው።

«ጭብጨባውን አንተ በላኸው ፈሪድ። ለልጅቷ ምን ተረፋት?»

ኀፍረቱ በዚህ አላበቃም። በማግሥቱ አዚዛ መያዟን ሰማ። ከገባችበት ሕንፃ ሳትወጣ ብትቆይ ትድን ነበር፤ ሂባን ልትፈልግ ስትወጣ ነው የያዟት። ልብሷን ይዞ ሹሜሲ፣ የተያዙት ወደሚቆዩበት ግቢ ሄደ። በአጥሩ ብረት በኩል ስታየው በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልብሷ አልነበረም።

«ልጅቷስ?»

«ተገኘች እቴ አዚዛ።»

«አልሐምዱሊላህ! ጥፋቱ የእኔ ነው ወንድሜ። ብትጠፊ ቤትሽን እንዲህ ብለሽ ለሰው ንገሪ ብዬ አላስተማርኳትም።»

ፈሪድ አንገቱን ደፋ። ሳታጠፋ ይቅርታ በምትጠይቀው በዚህች ሴት ፊት፣ ያጠፋው እሱ ይቅርታ ሳይጠይቅ ልብሷን አቀብሎ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ባለው ጁሙዓ፣ ሂባን ይዞ መካ ወረደ። የሀያት ስልክ ተዘግቷል፤ ነኢማ ግን ከእናቶቹ ጠይቃ የአጎቷን የሼኽ በሽርን ቤት አግኝታለት ነበር። ነካሳ ሲደርስ መኪናውን ከታች አቁሞ፣ ልጁን እጇን ይዞ በጠባቡ ደረጃ ዳገቱን ወጣ። ከቤቱ በር ሲደርሱ ከውስጥ የሕፃናት ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። አንኳኳ። ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ሕፃናቱ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፈሪድ የእሱ እጅ ያን ያህል ልጅ እንዳስፈራ ሲገባው እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ።

«ማነው?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ፈሪድ ነኝ ሼኽ፣ ከጅዳ። የሂባ አባት።»

በሩ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ መያዝን ፈርተው የማይወጡ የጎረቤት ልጆች በመስኮቱ ሥር ተሰብስበዋል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ስንዴ፣ ምስርና ሩዝ ለየብቻ ተቀምጧል፤ የመካ እርግቦች እየመጡ ይለቅማሉ። ልጆቹ የትኛው ጥሬ ቀድሞ እንደሚያልቅ ገምተው፣ እያንዳንዱ በገመተው ፊት ጠጠር አኑሯል። በየጥሬው አጠገብ የተወላገደ የልጅ ጽሕፈት ይታያል፤ «ስንዴ»፣ «ምስር»፣ «ሩዝ»። ሂባ የአባቷን እጅ ለቃ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሀያት ከተቀመጠችበት ተነሳች። ፈሪድ ዐይኗን ማየት አልቻለም።

«መምህርት ሀያት፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ኧረ በአላህ! አንቺ ይበሉኝ ጋሼ፣ ታናሽዎ ነኝ።»

«አንቺ ብዬ የተናገርኩት አንደበቴን አርክሶታል። እርስዎ ልበል።» ከዚያም የመድኃኒት ቤቱን፣ የአዚዛንም ነገር ሳይደብቅ ነገራት። «ስለ ኩባያው የነገሩኝ ልክ ነበር። እኔ ግን እውነቱ ሲያመኝ ወረቀትዎን መታሁ። እንዳይገባኝ የከለከለኝ አለማወቅ አልነበረም፤ በሥራዬ እኮ ፕሮጀክት ሳንል የምናድርበት ቀን የለም! መሬቱን ሳንፈትን መሠረት አንጥልም። ከልጄ ጋር ስሆን ግን ሳልፈትን ቀለም ቀባሁ።»

ሼኽ በሽር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲያስቀሩ፣ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እኔም ለዚች ልጅ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም» አሉ። «እኛ በቃል ይዘን ነው የቀራነው። አሁን በቃል መያዝ ጥፋት ሆነ?»

«አልሆነም አባ» አለች ሀያት። «በቃል መያዝ ጸጋ ነው። አንቱም ግን ልጁ ሲበስል ትርጉሙን ታቀሩታላችሁ እንጂ በድምፁ ብቻ አትሸኙትም። እኔም ፊደል አልተውኩም። ስንዴ ብለው የጻፉት እኔ ጻፉ ስላልኳቸው አይደለም፤ ጥሬው ሲቀላቀልባቸው ተጣሉ፤ እንዳንጣላ እንጻፍበት አሉ። ፊደሉ ለምን እንደሚጠቅም ስላወቁ አይረሱትም። ጠጠሯን ምስር ፊት ያኖረችው ልጅ ተሳስታለች፤ አላለቀሰችም፤ "ለምን አልወደዱትም?" አለች። ገምቶ መጠበቅ፣ ስህተቱን አይቶ ማረም፣ ተራ መጠበቅ፣ ያየውን ለሌላው በቃሉ ማስረዳት፤ የልጅ አእምሮ የሚያድገው በእነዚህ ነው። እንዲህ የለመደች ልጅ ያልተጠናች ጥያቄ ብትመጣባት ትፈልጋለች እንጂ አትደነግጥም።»

ሼኽ በሽር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ገባኝ። ጥያቄ የሌለው ደረሳ እኔንም ያሰለቸኝ ነበር» አሉና ሳቁ።

ፈሪድ አልሳቀም። «ምን ላድርግልዎት? ከፊል ልፈልግ? ሰው ልለምን?» አለ።

«አልፈልግም ጋሼ። ወስኛለሁ። ተደብቄ ማስተማር ልጆቹን ማስፈራት ነው፤ ሲያንኳኩ እንዴት ጸጥ እንዳሉ እርስዎም ሰምተዋል። ለመንግሥት እጄን ሰጥቼ አገሬ እገባለሁ፤ ደሴ ላይም ልጅ አይጠፋም።» ወደ ልጆቹ አየችና ቀጠለች። «አውፍ ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን እኔን ያሰናበቱኝ በሰው ፊት በተባለ ምክንያት ነው። ለእኔ እዚህ የነገሩኝን እዚያው ቢናገሩት ልጆቹ ይጠቀማሉ።»

ይህ ከሁሉ የከበደው ነበር። በአራት ግድግዳ ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ ኀፍረትን ያቀላል፤ በጉባኤ ፊት መናገር ግን ኀፍረቱን ሙሉውን መጠጣት ነው። ፈሪድ «ኢንሻአላህ» ብሎ ተነሳ። ሂባን ከመስኮቱ ለማንሳት ግን ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

ወላጆቹ በካሳዬ ቤት ተሰበሰቡ። አፀደ ሕፃናቷ ትከፈት ወይስ ትቅር የሚለው ነበር ጉዳዩ። ፈሪድ ቆመ።

«መምህርት ሀያትን ያሰናበትኳት በወረቀቷ ምክንያት አልነበረም» አለ። «ልጄ የምታነበንበውን እንደማታውቀው ስለነገረችኝ ነው። ዋሸኋችሁ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ እውነት መናገሯ ነው።» ሱዳናዊው ያለውን ደገመላቸው። አዚዛ ሂባን ልትፈልግ ስትወጣ መያዟንም ነገራቸው።

ካሳዬ ራሱን ነቀነቀ። «እኛም እያወቅን ዝም ብለናል። ብቻህን አይደለህም» አለ።

አንዲት እናት እጇን አወጣች። «ሁሉም ጥሩ፤ ግን ልጆቻችን ሊጥ ሲያቦኩ የሌላው ልጅ አንብቦ ቢቀድማቸውስ?»

«እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር» አለ ፈሪድ። «ነገር ግን ሊጥ የለካ ልጅ ቁጥር ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የጠየቀ ልጅ ቃላት ይበዛለታል፤ ከጓደኛው ጋር የሠራ መስማማት ይማራል፤ ተሳስቶ ያልተቀጣ ልጅ እንደገና መሞከር አይፈራም። ፊደሉ ከዚህ ጋር ይመጣል፤ መጥቶም ይቆያል። በየሳምንቱ አንድ የልጆቹን ጥያቄ ይዘን፣ ከእኛ መካከል ኢቃማው የተስተካከለ እየተፈራረቀ ያስጠና። ቤታችሁም ስትገቡ "ዛሬ ስንት ቆጠርሽ?" ከማለት "ዛሬ ምን ገረመሽ?" በሉ። እኔ ይህን በሰው መታሰር ነው የተማርኩት፤ እናንተ በእኔ ኀፍረት ተማሩት።»

ጉባኤው ተስማማ። አፀደ ሕፃናቷ በነኢማና በሌሎች እናቶች ተራ፣ በአንድ ሰፊ ሳሎን ውስጥ እንደገና ተጀመረች። ሀያት በዚያው ሰሞን በተመላሾች አውሮፕላን አገሯ ገባች፤ አዚዛም ቀድማት ሄዳለች። ፈሪድ ሁለቱንም ሊሸኛቸው አልተፈቀደለትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባትና ልጅ ኮርኒሽ ላይ ከባሕሩ ዳር ተቀምጠው ነበር። ሂባ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ላሰችውና ፊቷን አጨማደደች።

«አባቢ፣ ባሕሩን ማን ጨው አደረገው?»

መልሱ እስከ ከንፈሩ ደረሰ። መሐንዲስ ነው፤ ያውቀዋል። ዋጠው።

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አላት።

ሂባ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ የሚፈልገውን መልስ ከፊቱ ልታነብ። አላገኘችም። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞራ ጣቷን እንደገና ውሃው ውስጥ ነከረች። ፈሪድም ኀፍረቱን ይዞ፣ ሳያቻኩላት አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቃት።